ጎራዴ ከክንድ ይነሳል

ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ
ሐምሌ፣ ዝናቡ ትንሽ ባረፈበት

ሸቤ ላለኸው ውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የሸቤ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ አሁንም ስትገላበጥ ነው የምታነጋው? አጎታችንስ ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ፣ ከነዚያ ሰው ከሚነክስ በቅሎው ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ድምጿ እንደምታውቀው ነው፤ ከጓሮ ስትጣራ አስፋልት ድረስ ይሰማል። አባባ እንደ ልማዱ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ሱቁን ይከፍታል። እኔም ደህና ነኝ። ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ደህና ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ አርፏል።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ምን ላድርግ? ስልክህን ከዘጋህ ወዲህ በአጎታችን ስልክ ስደውል «ማሳ ወርዷል» ይለኛል። ሲመሽ ስደውል «ተኝቷል» ይለኛል። ባለፈው ግን «ማሳ ወርዷል» እያለኝ ከጀርባው አንተ ስትስል ሰማሁህ። ሳልህን ከመቶ ሰው መሃል እለየዋለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ እኮ ነው ያደግነው። አጎታችን ላይ አልፈርድም፣ ውሸት አይሆንለትም፣ ድምፁ ራሱ ያሳብቅበታል። እና ስልክ ያላደረሰውን ወረቀት ያድርሰው ብዬ ተቀመጥኩ። የሸቤ ሚኒባስ ሹፌሩ ለራስህ ካልሰጠ እንደማይመለስ በአላህ ስም ምሎልኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ ባለፋኖሱ ነው።

እባክህ ወረቀቱን አታጥፈው! ስሙን ስታይ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን እዚህ ሆኜ ይታየኛል። እስከ መጨረሻው አንብብልኝና ከዚያ ብትፈልግ እሳት አቀጣጥልበት።

የጌሙን ትክክለኛ ስም የመርካቶ ልጅ ሁሉ መጥራት አቅቶት «ባለፋኖሱ» ያልነው ጊዜ ትዝ ይለኛል። ጌም ቤቱ ውስጥ ያ ጀርባው የወፈረ ቴሌቪዥን ነበር፤ አንተ እዚያ ትሰራለህ፣ እኔ ቁርአን ቤት ስለቅ እየሮጥኩ እመጣለሁ። አንተ ትጫወታለህ፣ እኔ ከጎንህ ተቀምጬ እፈራለሁ። ያ ሰውዬ በግራ እጁ ፋኖስ፣ በቀኝ እጁ ጎራዴ ይዞ ከፈረሰ ከተማ ወደ ፈረሰ ከተማ ይሄዳል። ይኸው ዘጠነኛው ክፍል ወጣ፣ እሱም እስካሁን እየሄደ ነው። ተራራው አምሯል። ዝናቡ እውነተኛ ዝናብ ይመስላል። የፈረሱ ጋማ አንድ በአንድ በነፋስ ይበተናል። ውጊያው ግን ወላሂ ያው ነው! አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሰውዬው ሦስቴ ያንኑ አወራረድ ያወርዳል። ጠላቶቹ ዙሪያውን ከበው ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው «እሺ፣ አሁን የእኔ ተራ» ብሎ ይገባል። አንተው አይደለህ «ይሄ ሰውዬ መጥረጊያ ነው የያዘው፣ ግቢ እየጠረገ ነው» ብለህ ሁላችንንም በሳቅ የገደልከን?

በዚህ ዓመት ሠሪዎቹ ማስታወቂያ አወጡ። የትም አገር ያለ ወጣት ለአሥረኛው ክፍል ውጊያው እንዴት ቢሆን እንደሚሻል አንድ ስቴጅ ሠርቶ ያሳየን አሉ። ቅድመ ሁኔታው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውጊያው በቁልፍ ሳይሆን የሰውን እንቅስቃሴ በሚያነበው ጆይስቲክ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ስቴጁን አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ ሲጫወተው በቪዲዮ ተቀርጾ መላክ አለበት። የተመረጡት አሥረኛውን ክፍል ከእነሱ ጋር ይሠራሉ።

ይሠራሉ ነው የሚለው! እኔ ያን ማስታወቂያ ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ቤቱን ዞርኩት። እማዬ ጊንጥ ያየሁ መስሏት ጫማ ይዛ መጣች።

ከቱሉ ጋር ነው የያዝነው። ታውቀዋለህ፣ ያ የአጋሮው ልጅ፣ በምርቃቴ ቀን ከአባባ ጋር ስለ ቡና ዋጋ ሲከራከር የዋለው። አባባ መጀመሪያ ላይ «ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩሽ ጌም እንድትጫወቺ ነው?» አለኝ። «አይደለም አባባ፣ እንድሠራ ነው» አልኩት። «ታዲያ የምትሠሪው ምንድነው?» አለ። «ጌም» ስለው አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሱቁ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቹ «ልጄ ከውጭ ኩባንያ ጋር ጉዳይ ይዛለች» ይላል አሉ።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ቁልፍ ሲነካ የሚወርድ ጎራዴ ይቅር። ክንድህ ከላይ ሲመጣ ጎራዴው ከላይ ይምጣ፣ ከጎን ሲመጣ ከጎን። ጠላትም ግራውን ከከለለ ቀኙን ፈልገህ አግኝ። ፋኖሱ ደግሞ ጌጥ መሆኑ ይብቃ! ግራ እጅህን ከፍ ስታደርግ መንገዱ ይታይሃል፣ ግን ጎንህ ይከፈታል። ዝቅ ስታደርግ ትከለላለህ፣ ግን ጨለማ ውስጥ ነህ። በየሰከንዱ መምረጥ አለብህ። ማንም ተራ አይጠብቅልህም። ሰውዬው ሲደክም የሚደክመው አንተ ነህ፤ ያለ ነገር የምታወራጭ ከሆነ ስቴጁ የሚያልቅበት ድልድይ ላይ ሳትደርስ ክንድህ ይዝላል። እና ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፦ ጎራዴህን ዝቅ አድርገህ ብትቆም አንዳንዱ ጠላት እሱም ዝቅ አድርጎ ያሳልፍሃል። በዘጠኝ ክፍል ውስጥ ባለፋኖሱ አልዋጋም ማለት የሚችልበት ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። በክንድ ግን ይነገራል።

ይህን ሁሉ ያኔ ላንተ ነግሬህ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የተጣላነው። ዓይኔ እየበራ ጆይስቲኩን ሳሳይህ አንተ ቀኝ እጅጌህን አየህ። ከዚያ «ይሄ ለሙሉ ሰው የተሠራ ጨዋታ ነው፣ እኔ የማውቀው ባለፋኖሱ አልቋል» አልክ። በነጋታው ሳትሰናበተኝ ሸቤ ገባህ።

ተቀይሜሃለሁ። በደብዳቤ መቀየም የሚቻል ከሆነ አሁንም እየተቀየምኩህ ነው። ሊሙ ገነት እዚያ የቡና መፈልፈያ ማሽን ውስጥ የቀረው እጅህ ከአንጓው በታች ያለው ነው። የቀረውን ሰውነትህን ሸቤ የወሰደው ማሽኑ አይደለም፤ አንተ ነህ። ሰው የምትሸሸው በሕመሙ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ጁምዓ ሰግደህ ስትወጣ ሰው ሁሉ ቀኙን ይዘረጋል። ያንተ ቀኝ የለም። ግራህን እንዳትሰጥ ነውር ነው። ስለዚህ ኢማሙ ሳይጨርስ ጫማህን አንስተህ በኋላ በር መውጣት ጀመርክ። ከዚያ መስጊዱን ቤት ውስጥ አደረግከው። ከዚያ ቤቱንም ተውከው። በሽታህ ሰላምታ ነው፣ ወንድሜ። ተሳስቼ ከሆነ መጥተህ ተቆጣኝ።

ወደ ጌሙ ልመለስ፤ የማልመለስ መስሎህ ደስ እንዳይልህ።

የመጀመሪያውን ሥራ እንደጨረስን ጌም ቤት ወስደን ለሰው ሁሉ ሰጠነው። ውርደት ነው የገጠመን! ሰው ጆይስቲኩን በእጁ ጨብጦ በአንጓው ብቻ ያወዛውዘዋል። ዝንብ ያባርራል በለው። ስክሪኑ ላይ ያ ጎራዴ እንደ ቄጠማ ይርገበገባል፣ ጠላትም በቄጠማ ተመትቶ ይወድቃል። ክብደት የለው፣ ፍርሃት የለው፣ ምኑም ውጊያ አይመስልም። አንዱ ላብ አጥምቆት ጆይስቲኩ ከእጁ አምልጦ በመስኮት ወጣና ባጃጅ ውስጥ ገባ። ባለባጃጁ ይዞልን ሲመለስ «የወረወርሽልኝ ነገር ዘመናዊ ነው፣ ግን ቁጥርሽን አልጻፍሽበትም» ብሎ ሙድ ያዘብኝ። ቱሉ እንኳ አፈረ፤ እሱ አያፍርም እኮ።

ቱሉ «ስሌቱን እናስተካክል፣ ሴንሰሩን እናዘግየው» አለ። አዘገየነው። አሁን ደግሞ ጎራዴው ማር ውስጥ የወደቀ መሰለ። አፋጠንነው፣ ተመልሶ ቄጠማ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ለሠሪዎቹ ምን ብዬ እንደምልክ አላውቅም ነበር። ቁልፉ ይሻል ነበር ብዬም አሰብኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ያን ጊዜ ነው ኡመይር የመጣው። የጁስ ቤቱ ኡመይር፣ ከጌም ቤቱ አጠገብ ያለው። ጩኸታችን ስቦት ሥራውን ጥሎ ገባ፤ ሁለት እጁ እስከ አንጓው ድረስ አቮካዶ ነው፣ አረንጓዴ ጓንት ያጠለቀ ይመስላል። ቱሉ ሰላም ሊለው እጁን ዘረጋ። ኡመይርም የቆሸሸ እጅ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እጁን ወደ ታች አጥፎ ክንዱን ሰጠው። ቱሉ ክንዱን ይዞ ሰላም አለውና አልለቅም አለ። «እሺ፣ ጆይስቲኩንም በዚሁ ተቀበለን» ብሎ የኳስ ስካርፉን ከአንገቱ አውልቆ ጆይስቲኩን ኡመይር ክንድ ላይ፣ ከአንጓው ከፍ አድርጎ ጠፈረለት። ቀልዱን ነበር። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ኡመይርም እጁን እንደ ቀዶ ሐኪም ከፍ አድርጎ «ቢስሚላህ» አለና ቆመ።

ወንድሜ፣ እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ጎራዴው ከበደ።

የመጀመሪያው ወታደር ሲመጣበት ኡመይር በአንጓው ማወዛወዝ አልቻለም፤ አንጓው ከሴንሰሩ ውጭ ነውና። ያለው ምርጫ ክርኑን ማንሳት ነው። ክርኑን ሲያነሳ ትከሻው አብሮ ተነሳ። ትከሻው ሲወርድ ጎራዴው እንደ መጥረቢያ ወረደ። ወታደሩ ተሰነጠቀ! ከዚያ ቱሉ ነው የጮኸው፣ «ኢላላ! ኢላላ! እዩት!» እያለ። ኡመይር ሁለተኛውን ከለለ፣ ክርኑን ፊቱ ላይ ገትሮ፤ እኛ ያላስተማርነውን! ማንም ሰው ሲመቱት ክንዱን ፊቱ ላይ ነው የሚያደርገው እንጂ እጁን አይደለም። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ድልድዩን የሚጠብቀው ዘበኛ ገደለውና ዞሮ «አቮካዶው ነው ኃይል የሰጠኝ፣ ከሎሚ ጋር ብሆን አልፈው ነበር» አለን።

ያን ቀን ቤት ስገባ መንገዱን አላስታውሰውም። አንጓ ይዋሻል፤ የፈለገውን ያህል ሊፈጥን ይችላል፣ ምንም አያስከፍለውም። ክንድ ግን መላ ሰውነትን አስፈቅዶ ነው የሚነሳው። ዓለም ሁሉ ጆይስቲኩን እጅ ውስጥ አድርጎ «ለምን እውነት አይመስልም?» ይላል። እውነቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው ያለው።

ሁሉንም አፈረስኩት። ቱሉ ተቃወመኝ፤ የተቃወመኝም ያለ ነገር አይደለም። «አፊፋ፣ ተይ፣ ማል ጎና? ምን እናድርግ? ጊዜ የለንም» አለ። «በእጅ የሚያዘው ይሠራል። ጥሩ አይደለም፣ ግን ይሠራል። የዓለም ሰው ሁሉ በእጁ ነው የሚይዘው። ይሄን ስንልክ ምን ይሉናል? ደግሞ ሰውዬው ጎራዴውን በምን ይያዘው?» እኔም «አይያዘው። ገና ስቴጁ ሲጀመር ጎራዴው ከእጁ ይውደቅ፣ አንስቶ በጨርቅ ክንዱ ላይ ይሰረው፣ እንደታሰረ ይዋጋ» አልኩት። ቱሉም «ይሄን ለወንድምሽ ብለሽ ነው» አለኝ። «ለጌሙ ብዬ ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም። ሙሉውን ግን አልነገርኩትም፤ እሱም አላስጨነቀኝም።

ባለፋኖሱን መጀመሪያ ሰፊ እጅጌ አልብሰነው ነበር፣ እጁ ስክሪኑ ላይ ግራ እንዳያጋባ። በኋላ እጅጌውን ቆርጬ ጣልኩት። ክንዱ ይታይ። ምን አለበት?

አሁን ችግሩ ይሄ ነው፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ስቴጁን የሚጨርሰው ሰው ጠፋ። ወታደሮቹን ሁሉም ያልፋቸዋል፣ የድልድዩ ዘበኛ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም ይሞታል። ቱሉ ይሞታል፣ ኡመይር ይሞታል፣ እኔ ራሴ የሠራሁት ሰውዬ እየደጋገመ ይገድለኛል። አቅልዪው እንዳትለኝ፤ አላቀልለውም። ዘበኛው ከባድ የሆነው ፈጣን ሆኖ አይደለም፣ ታጋሽ ሆኖ ነው። ጎራዴውን ብዙ ጊዜ ያወዛውዛል፣ አብዛኛው ማታለያ ነው። እውነተኛው ሲመጣ ብቻ ቀኝ ትከሻው ቀድሞ ትንሽ ይወድቃል። ሰው ሁሉ ጎራዴውን ያያል። አንተ በዚያ በወፍራሙ ቴሌቪዥን ጊዜ ጭንቅላቴን በአገጭህ ተደግፈህ ምን ትለኝ ነበር? «አትቸኩዪ፣ ብረቱን ተዪው፣ ትከሻውን እዪ» ትለኝ ነበር። በዚያ ጊዜ ጠላቶቹ ትከሻቸው ምንም አይናገርም ነበር፤ አራት ማዕዘን ነበር እኮ ትከሻቸው! አንተ ግን ታያለህ። አሁን የሚናገር ትከሻ ሠራሁልህ፣ የሚያየው ሰው የለም።

በግራህ ፋኖሱን፣ እሱ ያው በእጅ የሚያዝ ነው። በቀኝ ክንድህ ጎራዴውን። እንዲህ ስልህ ጌሙ ላንተ የተስተካከለ እንዳይመስልህ፤ ማንም ሰው የሚጫወተው በዚሁ ነው፣ ሁለት እጅ ያለውም፣ አሥር እጅ ያለውም። ለየት ያለ ሕግ ላንተ አላወጣሁም። ድልድዩ ላይ ብትሞት ትሞታለህ፣ እኔም እስቅብሃለሁ።

ከቱሉ ጋር ስምምነት አለን። እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ እንቀርጻለን፤ የጌም ቤቱ ጌታ ቤቱን ለእኛ ይዘጋልናል። በክንዱ ጨርሶ ድልድዩን የሚሻገር ሰው ከተገኘ የምንልከው ያንን ነው። ካልተገኘ በእጅ የሚያዘውን፣ ቄጠማውን እንልካለን። የማስገቢያው ቀን ስለሚያልቅ ሌላ እሁድ የለንም። እጄን ሰጥቼ የተስማማሁት ነውና ቃሌን አላጥፍም፤ ቱሉም እንቅልፉን የሰጠበት ሥራ ነው። ግን ቄጠማው ከሄደ ስሜ እንዳይገባበት ነግሬዋለሁ። ቱሉ «አብደሻል?» አለኝ። ምናልባት። ኡመይር ደግሞ በመሃል ገብቶ «ካበደች ጁስ በነፃ ነው፣ ያበደ ሰው አያስከፍሉም» አለ። እስኪ አስበው፣ ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጋር ነው ዓለም የምለውጠው።

ሰው ይኖራል እሁድ፤ አልዋሽህም። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ሰምቷል። ወደ ውስጥ ሲገቡ እጅ ይዘረጉልሃል። ኡመይር «ያለምንም አቮካዶ ክንዴን ልስጠው ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል፤ «ዝም በል፣ እንዳታሳፍረው» አልኩት። ከዚያ ደግሞ ማን ማንን እንደሚያሳፍር ግራ ገባኝ።

እማዬን ሳልነግርህ ላልፍ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ አዲስ ልማድ አምጥታለች። ሰው ሲመጣ እጇን አትሰጥም፣ ክንዷን ነው የምትሰጠው። ጎረቤት ሲጠይቃት «ቅባት ነክቶኛል» ትላለች፤ ሌላ ቀን «ሊጥ ነው» ትላለች። በኢድ ቀን ለጠያቂው ሁሉ፣ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም፣ ክንዷን ሰጥታ ዋለች። ሰዉም ለመደ፤ አሁን አንዳንዱ ከበር ጀምሮ ራሱ ክንዱን አውጥቶ ነው የሚገባው። እጇን አይቼዋለሁ። ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሂናዋ እንኳ አልደበዘዘም። ምን እያደረግሽ ነው አላልኳትም። እኔም በዚያው ለምጃለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ስሟን እንዳታነሺብኝ ያልከኝ ሰው ነው፣ ላነሳው ነው። የቱሉ ስካርፍ እየተንሸራተተ አስቸገረን። ጆይስቲኩ ክንድ ላይ ሲዞር ጎራዴውም ይዞራል። የሚያጠብቅ ማሰሪያ ያስፈልግ ነበርና ልብስ ሰፊዎቹ ተራ ሄድኩ፤ ዙህራ ጋ። አዎ፣ ሽማግሌ ልከህ ያስጠየቅካት፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ደግሞ ሽማግሌ ልከህ ያሰናበትካት ዙህራ ጋ። ሌላ ሰፊ ጠፍቶ አይደለም፤ እንደሷ ስፌቷ የማይለቅ ሰው ስለማላውቅ ነው። ሌላም ምክንያት ካለኝ አልነግርህም።

የስፌት መኪናዋን አቁማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ጌም አታውቅም፤ ግን ስለ ዘበኛው ስነግራት «እና ማንም አላለፈውም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ማንም» አልኳት። ስለ አንተ ምንም አልጠየቀችም። ምንም ሳትጠይቅ የዋለችበትን ሁኔታ ብታየው ኖሮ ግን! «ለማን ክንድ ነው?» እንኳ አላለችኝም። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የእኔንም የቱሉንም ክንድ አልለካችም። «ሐሙስ ውሰጂ» ብቻ አለችኝ።

ሐሙስ ወሰድኩት። ከውጭ ወፍራም ሸራ ነው፣ ከውስጥ ክንድ እንዳይቦጭር ለስላሳ ጨርቅ ደርባበታለች፣ ዘለበቱ በአንድ እጅና በጥርስ የሚታሰር ነው። ጌም ቤት ወስደን ሞከርነው። ቱሉን ጠበበው፣ አልገባለትም። ኡመይርን ሰፋው፣ ዞረበት። እኔ ላይ ደግሞ እንደ አምባር ተንጠለጠለ። ይዤላት ተመለስኩና «ዙህራ፣ ለማንም አልሆነም፣ ትንሽ አስተካክይልኝ» አልኳት። ተቀብላ ገልብጣ አየችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ ሄደችበት፣ ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። «ልኩ ትክክል ነው» አለችና መኪናዋን ነዳች።

ልኩን ከየት አመጣሽው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት የለበስከውን የኢድ ሸሚዝ ማን እንደሰፋልህ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ማሰሪያው ይኸው፣ ከደብዳቤው ጋር ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ብቻህን ሆነህ ሞክረው፣ አጎታችንም አያይህ፣ በቅሎውም አያይህ። ከሸቤ የጧቱ ሚኒባስ ለዙሁር በደንብ ያደርስሃል። ኮቱ፣ ና በቃ፣ ወንድሜ።

አላህ ደረትህን ያስፋልህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ፣ ከቤትህ ደጅ እስከ ቤታችን ደጅ ያለውን ጭቃ መንገድ ያድርግልህ። አጎታችንን ሰላም በልልኝ፤ ለአንተ ብሎ የዋሸኝን ሁሉ አውፍ ብዬዋለሁ። እማዬ ሳሚልኝ ብላለች፤ አባባ ደግሞ ደብዳቤውን ስጽፍ ሁለቴ መጥቶ መብራቱን አስተካክሎልኛል።

የምትጠብቅህ
ታናሽ እህትህ